ካርዱ የጠራው ሟቹን ነው!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኮምፒዩተር ነው። "ኤጭ! አሰልቺ ነገር መጣ" ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ፤ ነገሩ ሠርግም ለቅሶም አለበት።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ የሰፈሬ ልጅ ሊያገባ ሽር ጉድ ይላል። የጥሪ ካርዱ 300 ነው። "አንተ ኮምፒዩተር ትነካካ የለ? የተጠሪዎቹን ስም አትምልኝ" አለኝ። እኔም ጉራዬን ነፋሁ። "300 ስም በእጅ ይጻፋል እንዴ? ሜይል መርጅ የሚባል ነገር አለ፤ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ያልቃል!"

ለማታውቁት ላስረዳ። በኤክሴል የስም ዝርዝር ታዘጋጃላችሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የየዓምዱን መጠሪያ ትጽፋላችሁ፤ የፊልድ ስም የሚባለው እሱ ነው። ከሥሩ አንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነው። በወርድ ደግሞ ጥሪውን አንዴ ትጽፉና ስም በሚገባበት ቦታ ፊልዱን ትተክላላችሁ። ወርድ ዝርዝሩን እየተከተለ ሁሉንም ይሞላዋል።

እኔ ታዲያ ለዓምዶቹ ያወጣሁት ስም ከፈረንጅ የተቀዳ ነበር፤ ታይትል፣ ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም። የአባትን ስም ላስት ኔም ሥር ከተትኩት። ከዚያ ወርድ ራሱ ያዘጋጀውን "ግሪቲንግ ላይን" የሚባል የሰላምታ ፊልድ ተከልኩ። "ዲር" የምትለዋን አጥፍቼ "ለተከበሩ" ብዬ ጻፍኩበት። ይሄ ፊልድ ካልቀየራችሁት በቀር ታይትልና ላስት ኔምን ነው የሚያገጣጥመው። ፈረንጅ "ሚስተር" ብሎ የሚጠራው በቤተሰብ ስም ነዋ!

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካርዶች አየሁ። አቶ እገሌ፣ አቶ እገሌ... ሁሉም የወንድ ስም ስለሆነ ምንም አልከነከነኝም። ታተመ፤ ተበተነ።

በሳምንቱ ሙሽራው ቤት ስልክ ተደወለ። የደወለችው አባቷ ከሞቱ ሁለት ወር ያልሞላቸው ጎረቤታችን ናት። የደረሳት ካርድ "ለተከበሩ ወይዘሮ" ይልና የሟቹን ስም ያስከትላል። "አባዬን ቀብራችሁ ስታበቁ ሠርግ ትጠሩታላችሁ? ያውም ወይዘሮ ብላችሁ?" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሌላው ሰው የሳቀበት ስህተት እሷን አስለቀሳት።

ከሙሽራው እናት ጋር ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። "እትዬ፣ ኮምፒዩተሩ እኮ ነው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ኮምፒዩተሩ አባዬን አያውቀውም፤ አንተ ግን ቀብሩ ላይ ነበርክ" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

እውነቷን ነው። ለዓምዱ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ ያለው የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ስለዚህ በእኔ የደረሰ በእናንተ እንዳይደርስ፦

አንደኛ፣ ዓምዶቹን በሚይዙት ነገር ሰይሟቸው፤ ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም። ሁለት ዓምድ አንድ ስም አይኑረው። ከላይም "የተጠሪዎች ዝርዝር" ምናምን የሚል ርዕስ አትጻፉ፤ ወርድ የመጀመሪያውን ረድፍ የፊልድ ስም አድርጎ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛ፣ "አጠራር" የሚል ዓምድ ጨምሩ። እትዬም በሉ፣ ጋሼም በሉ፣ ቀሲስም በሉ፣ ካርዱ ላይ እንዲነበብ የምትፈልጉትን እንዳለ እዚያ ጻፉት። "ከነባለቤትዎ" የሚለውንም ለሁሉም አታድርጉት፤ የፈታ አለ፣ የሞተባት አለች። ለብቻው ዓምድ ስጡት።

ሦስተኛ፣ ግሪቲንግ ላይንን ተዉትና "ኢንሰርት መርጅ ፊልድ" በሚለው የራሳችሁን ፊልዶች አንድ በአንድ አስገቡ።

አራተኛ፣ ከማተማችሁ በፊት "ፕሪቪው ሪዘልትስ" የሚለውን ተጫኑ። ሦስት ካርድ አይታችሁ እንደ እኔ አትርኩ። የሴቶቹን፣ የትልልቅ ሰዎቹን፣ ሐዘን ላይ ያሉትን ካርድ አንድም ሳይቀር እዩት።

ለጎረቤታችን አዲስ ካርድ በእጄ ጽፌ ወሰድኩላት። ሐዘን ላይ ናትና ሠርጉ ላይ አልመጣችም። ከወር በኋላ ግን ቤቷ ጎራ ስል ካርዱን ቡፌው ላይ አቁማው አየሁ፤ የራሷ ስም ተጽፎበታል።

ቸር እንሰንብት!