የቮልስ ሞተር ሳይፈታ አይፈረድበት

በአዲስ አበባ ጋራዦች አንድ ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን፦ «ይቺ ሞተር አልቃላታለች፣ ሌላ ፈልግላት»። ተከሳሿ አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያስቆጠረች ቮልስ ናት። ማስረጃው ከኋላዋ የሚወጣው ጭስና ዳገት ላይ መድከሟ ነው። ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፤ ከየትኛው መኪና እንደወረደ የማይታወቅ ሞተር ገዝቶ ይመለሳል፤ የድሮው በኪሎ ይሸጣል። እኛ በዚህ አንስማማም። ብሎኩ እስካልሞተ ድረስ ሞተሩ ይታደስ፤ መቀየር የሚመጣው ተፈትቶና ተለክቶ «ይህ አይድንም» ሲባል ነው።

ነገሩን ርዕሰ አንቀጽ ድረስ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የፑየብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ወደ እኛ ግን የሚጨመር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ኪስ የማይችለው ነገር አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል አይገባም አለ። ስለዚህ በኪሎ የተሸጠ እያንዳንዱ ሞተር ምትክ የሌለው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጤነኛው ሞተር አብሮ መኮነኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሯ ስስ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ የወጣችው ባለ 1200 ቮልስ ፋብሪካው የሰጣት 34 የፈረስ ጉልበት ነበር። እንጦጦን ስትወጣ ከዚያ ሩቡን ያህል አየሩ ወስዶባታል፤ አዲስ ብትሆንም ትደክም ነበር። የኮምፕሬሽን መለኪያውም እንደዚሁ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 8 ባር የሚያሳይ ደህና ሲሊንደር እዚህ 6 ገደማ ቢያሳይ አይገርምም። መካኒኩ ግን የጀርመኑን መጽሐፍ ገልጦ ቁጥሩ አነሰ ብሎ ይፈርዳል። እዚህ አገር ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው የሚታመነው፤ ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ ብቻውን ከወደቀ ችግሩ ያለው እዚያው ነው። ጭሱም ቢሆን ቀለሙ ይታይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ለዚያ ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ ማስተካከል እንጂ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም።

ሞተሩ በእውነት ከተበላም የቮልስ አሠራር ለማደስ የተመቸ ነው። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ከነፒስተናቸውና ከነፋሻቸው ተነቅለው በአዲስ ይተካሉ፤ ቴስታታው ለብቻው ይሠራል፤ ብሎኩ አይነካም። ወሳኙ ጥያቄ ከዚያ በታች ያለው ነው፦ ኮሎው የተቀመጠበት ቦታ በልቷል ወይስ አልበላም? ሞተሩ ሳይወርድ እንኳ ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ የቺንጋውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ ነው። መጽሐፉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጨዋታ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማና በእጅ ከታወቀ ያን አልፏል። ይህ ከፍታ የማይለውጠው ልኬት ነው።

ሞተሩን የገደለው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ሌላ መግጠም ደግሞ ሁለተኛውንም ለዚያው ሞት ማዘጋጀት ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው፤ የዘይት ፊልትሮም የላትም፣ ወንፊት እንጂ። ሞተር በወረደ ቁጥር አየሩን የሚመሩት ላሜራዎች «ምን ይሠራሉ» ተብለው ጋራዥ ጥግ ይቀራሉ፤ በዙሪያው ያለው ጎማ ይጣላል። ከዚያ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ የሚስብ ሞተር ይዘን እንነዳለን። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚከልል ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ቦታውን ቀይሮታል።

ብሎኩ የማግኒዥየም ቅይጥ ነውና ይሰነጠቃል፤ ከልክ በላይ የተበላም አለ። ያኔ ይቀየር፣ ግን በዘመዱ። ባለ 1300 ወርዶ ባለ 1600 ቢገባ ነውር አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት በ6 ቮልት የወጡት ላይ ብቻ ፍላይዊሉ ስለሚተልቅ የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ ትንሽ መጥረብ ይጠይቃል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ባዕድ ሞተር አስገብቶ ቦዲውን መቁረጥን ግን አንደግፍም።

ዋጋውን እናውቃለን። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ጥሩ ቶርኖ ቤትም ወረፋ አለው። እንጀራው በመኪናዋ የሆነ ሰው «አልጠብቅም» ብሎ ያገኘውን ቢገጥም አንወቅሰውም። የድሮውን ብሎክ ግን አይሽጥ። ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተመትቶበታል፤ ያ ቁጥር ሊብሬው ላይ ከሻንሲው ጎን የተጻፈው ነው። ሞተር ቀይሮ ሊብሬ ሳያስተካክሉ መንዳት ስም ሲዛወር ጣጣ ያመጣል፤ ገዢም የተሰረቀ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ኤሌክትሪክ ይግባላት የሚሉም አሉ። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባለ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ቮልስ አሳይቷል፣ አንድ ጊዜ ተሞልታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የምትሄድ። ቆንጆ ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ግን እንዲህ የተለወጠችን መኪና በታሪካዊነት አይቀበላትም፤ የወለቀው ሁሉ ተቀምጦ ወደ ቀድሞው መመለስ እንዲቻል ይመክራል። እኛም የምንለው ከዚህ አይርቅም።

ከጋራዦች የምንጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። «አልቃለች» ከማለታቸው በፊት የአራቱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የኮሎውን ጨዋታና የብሎኩን ሁኔታ ጽፈው ለባለቤቱ ይስጡ። ባለቤቱም ያ ወረቀት እጁ ሳይገባ ሶማሌ ተራ አይውረድ።