«ጉንዳን እኮ ናት!»

ጉንዳንን በመስታወት ቤት ማርባት በአውሮፓና በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ከተለመደ ሰንብቷል። ለጀማሪው የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ የምታምር ንግሥት ምረጥ፣ ክፈል፣ በፖስታ ትደርስሃለች። ከየት መጣች? ማን ያዛት? ማንስ ፈቀደ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጥያቄው ሲነሣም መልሱ ከአፍ አይጠፋም፦ «ጉንዳን እኮ ናት!» ሙግቴ ከዚህ መልስ ጋር ነው።

መልሱ የት እንደሚያደርስ በኬንያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ሁለት የቤልጂየም ወጣቶች በናኩሩ ካውንቲ 5,000 ንግሥት ጉንዳኖችን ጥጥ በተወተፈባቸው 2,244 ቱቦዎች አሽገው ተገኙ። በሌላ መዝገብ አንድ ቬትናማዊና አንድ ኬንያዊ ከ400 በላይ ጉንዳኖች ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። በሜይ ወር አራቱም እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ አለዚያ 12 ወር እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው። ወጣቶቹ ሕግ መጣሳቸውን እንደማያውቁና ለደስታ እንደሰበሰቧቸው ተናግረው ነበር። አለማወቃቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን 5,000 ንግሥት ለአንድ ሰው መዝናኛ አይሆንም።

ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። የ5,000ዎቹ ዋጋ ወደ 1 ሚሊዮን ሽልንግ ተገመተ፤ ለአንዷ 200 ሽልንግ መሆኑ ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሟት ሜሶር ሴፋሎተስ የተባለችው ትልቅ እህል ለቃሚ ጉንዳን ግን በብሪታንያ ገበያ እስከ 170 ፓውንድ ታወጣለች፤ ከ25,000 ሽልንግ በላይ ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚከፍለው በመጨረሻ ያለው ገዢ ነው። እሱ ባይኖር ቱቦዎቹን የሚሞላ አይኖርም ነበር።

የንግዱ ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። የመጀመሪያው «በሳይቴስ ዝርዝር ውስጥ የለችም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የለችም። ሆኖም ሳይቴስ የሚቆጣጠረው በዝርዝሩ የያዛቸውን ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ነው፤ ስለሌሎቹ ዝም ማለቱ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው ጉንዳኗ የተገኘችበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የናጎያ ፕሮቶኮልም አገሮች በሥነ ሕይወት ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብትና የጥቅም ድርሻቸውን ለማስከበር የቆመ ነው። የኬንያ ዱር እንስሳት አገልግሎት ድርጊቱን የሥነ ሕይወት ሀብት ዝርፊያ ያለው በዚህ ዓይን አይቶ ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ስንት ካነታረከ በኋላ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አድርጎታል። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998ም አለን። ለጤፍ የቆምንለት መርሕ ለጉንዳን ሲሆን ለምን ያስቃል?

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንከር ይላል፦ «ከጋብቻ በረራ በኋላ መሬት ከሚወርዱት ንግሥቶች አብዛኞቹ መሞታቸው አይቀርም፤ ብንወስዳቸው ምን ጎደለ?» በሰፈሩ አስፋልት ላይ አንዲት ንግሥት ላነሣ ልጅ ይህ መልስ በቂ ነው። ከአንድ አካባቢ በሺህ ለሚያፍስ ነጋዴ ግን አይሠራም። እነዚያ እድለኛ ጥቂቶች ሊተርፉ የሚችሉት ከብዙዎቹ መካከል ነው፤ ሁሉም ከተለቀሙ የሚተርፍ አይኖርም። እህል ለቃሚ ጉንዳኖች ደግሞ ዘር ተሸክመው በመበተን ለሣሩ ምድር ውለታ ይውላሉ።

ሕጉን ብንተወው እንኳ ገዢው የሚታለልበት ብዙ ነው። ጭንቅላተ ትልቋን ሠራተኛ ንግሥት ብሎ የሚገዛ ጀማሪ አለ። ንግሥት የምትለየው በደረቷ ነው፤ የበረራ ጡንቻ የያዘ በመሆኑ ይሰፋል፣ ክንፎቹ የተነቀሉበት ጠባሳም ይታይበታል። ወንዱ ቀጭን፣ ጭንቅላቱም ትንሽ ነው። መጋባቷን ግን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ክንፍ ማራገፏም ማረጋገጫ አይሆንም። ያልተጋባች ንግሥት የምትጥለው እንቁላል ወንድ ብቻ ይፈለፍላል፤ ሠራተኛ የሌለው ጎጆም አይቆምም። የተያዘችበት ቦታና ቀን ያልተጻፈላት ንግሥት የዝርያ ስሟም የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

«ጉንዳን እኮ ናት» የሚለውን ሕግም አይቀበለውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 አራት የጉንዳን ዝርያዎችን ከአደገኛ ወራሪዎች መዝገብ አስገብቶ መሸጥም ማርባትም ከልክሏል። በዓመቱ ከአራቱ አንዷ የሆነችው ቀይ እሳት ጉንዳን በሲሲሊ፣ ሲራኩስ አካባቢ በ88 ጎጆዎች ተገኘች። በአሜሪካም ንግሥት ጉንዳንን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለማሻገር የፌዴራል ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዘመድ ለሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ንግሥት ጉንዳን በስጦታ ቢልክ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ አሻገረ ማለት ነው።

የጀማሪ መንገድ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። አውሮፓ ያለ ሰው በሞቃት የጁላይና የኦገስት ቀናት መንገድ ዳር ዝቅ ብሎ ቢመለከት ላሲየስ ኒጀር የተባለችውን ጥቁር ጉንዳን ንግሥት ያገኛል። ውኃና ጥጥ ያለበት ቱቦ ይበቃታል፤ የመጀመሪያ ልጆቿን ምግብ ሳትቀምስ ታሳድጋለች። የዚህች ዝርያ አንዲት ንግሥት በሰው እጅ 29 ዓመት ገደማ ኖራለች። ከዚህ የተሻለ መምህር በ170 ፓውንድ አይገዛም።

መግዛት ግድ ከሆነ ከዚያው አካባቢ ይሁን፤ ሻጩም የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተያዘች በጽሑፍ ያሳይ። ካላሳየ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። ሰነድ የሌላት ንግሥት አትገዛም።