«እኔ ብነግራቸው ደስ አይላቸውም»

ባለፈው ወር ጉልበቷን አሟት ስለነበር እናቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሩ መርምረው ዲክሎፌናክ አዘዙላት። መድኃኒት ቤት ስንደርስ ፋርማሲስቱ ወረቀቱን አየና «እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ጠየቃት። እናቴ ከቦርሳዋ ዋርፋሪን አውጥታ አሳየችው። የደም ማቅጠኛ ነው። ዶክተሩ አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ የመድማት አደጋ እንደሚጨምር ነገረንና ዲክሎፌናኩን ሳይሰጠን ቀረ።

«ታዲያ ለዶክተሩ ይደውሉላቸዋ!» አልኩት።

ትንሽ አመነታ። «እርስዎ ተመልሰው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እኔ ብነግራቸው ደስ አይላቸውም» አለኝ።

ተመልሰን ሄድን። ዶክተሩ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም አመስግነው በደቂቃ ውስጥ ቀየሩት። የእናቴ ጤና ግን በእኔ መልእክተኛነት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳስብ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ስለ ሳሙና ወይም ስለ ባንክ ያለውን አመለካከት በመጠይቅ እንለካለን፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» ያሉ አምስት ምርጫዎችን እንሰጣለን። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው ያስተዋወቀው። የጤና ተማሪዎች ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር አብረው ለመማር ያላቸው ዝግጁነትም በዚሁ ዘዴ እንደሚለካ ያወቅኩት ግን ከዚህ ገጠመኝ በኋላ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር የወጣ ሲሆን 19 ጥያቄዎች አሉት።

እሑድ ቡና ላይ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ መልሼ፣ ሕክምና ለሚማረው ወንድሜና ነርሲንግ ለምትማረው የአክስቴ ልጅ አቀረብኩላቸው። የቡድን ሥራ ለበሽተኛው ይጠቅማል? ሁለቱም «በጣም እስማማለሁ»። ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር መማር የተሻለ ባለሙያ ያደርጋል? አሁንም «በጣም እስማማለሁ»። ከዚያ የነርሶች ሥራ በዋናነት ሐኪሙን ማገዝ ነው ወደሚለው ሐሳብ ደረስን። ወንድሜ ሳያስብበት «እስማማለሁ» አለ። እሷ «በጭራሽ!» አለች።

«ምን ችግር አለው?» አላት እየሳቀ።

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሽተኛው ሲብስበት መጀመሪያ የሚያየው ማነው?»

ወንድሜ ዝም አለ።

በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ «እገዛለሁ» ብሎ የሞላ ሁሉ አይገዛም። ሰው ጥሩ የሚመስለውን መልስ መስጠት ይወዳል። የዚህ መጠይቅ ተቺዎችም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። ብዙ ተማሪዎች ገና ከመጀመሪያው ከፍተኛ ነጥብ ስለሚያስመዘግቡ፣ ትምህርቱ ለውጥ ማምጣቱን ማወቅ ይከብዳል። ያ ፋርማሲስትም ቢጠየቅ ኖሮ «በጣም እስማማለሁ» ብሎ እንደሚሞላ አልጠራጠርም። ስልኩን ግን አላነሳም።

ስለዚህ ከአመለካከቱ ጎን ልማዱም መሠራት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ ታይቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ነጥቦች አንዱ፣ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ይጠይቃል። ስሙን የተናገረ ሰው ስህተት ሲያይ ለመናገር አፉ ይፈታል።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን የነበረው በአንድ ጤና ጣቢያ በቡድን እንዲሠሩ አስቦ ነው።

ያን እሑድ ግን ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ የራሳችን ቤት ነው። ወንድሜን ገና አንደኛ ዓመት ሳለ ጀምሮ «ዶክተር» እያልን ነው የምንጠራው። የአክስቴን ልጅ ስለ ትምህርቷ የጠየቃት ሰው አላስታውስም። ያን ዕለትም ቡናውን ስታፈላ የነበረችው እሷ ናት። ወንድሜ ያንን መልስ የተማረው ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይመስለኝም።

በቤታችሁ የጤና ተማሪ ካለ፣ የሚማረው ምንም ይሁን ምን፣ እኩል ጠይቁት። ወላጆቻችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለፋርማሲስቱም አሳዩ። እኔ የእናቴን በስልኬ ይዣለሁ። የዶክተሩንም ቁጥር አስፈቅጄ ከሥሩ ጽፌዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ፋርማሲስቱ ሲያመነታ፣ ደውዬ ስልኩን እሰጠዋለሁ።