ምኞታችንን ለማን እንንገር?



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሳይታወቅ ቤታችን ገብቶ የተቀመጠ ነው። ወጣቶቻችን «ማኒፌስቴሽን» ይሉታል። ሲብራራ፣ አንድን ነገር አጥብቆ በማሰብ፣ ገና ሳይገኝ እንደተገኘ አድርጎ በመናገርና በመጻፍ ወደ ራስ መሳብ ይቻላል የሚል እምነት ነው። በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚተላለፉ አጫጭር ፊልሞች የሚፈልጉትን ነገር «ለዩኒቨርስ» እንዲነግሩ ወጣቶችን ይመክራሉ። ከዘዴዎቹ አንዱ «369» ይባላል፤ ምኞትን ጠዋት 3 ጊዜ፣ ቀን 6 ጊዜ፣ ማታ 9 ጊዜ በደብተር መጻፍ ነው።

ይህን የሚያደርጉት ሁሉ ከዲናቸው የራቁ ናቸው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ዒሻን ሰግዶ፣ ዚክሩን አድርጎ፣ ከዚያ ደብተሩን የሚከፍት ወጣት አለ። ጥያቄውም ከቅን ልብ የመነጨ ነው። «ዱዓ መጠየቅ ነው፤ ይህም መጠየቅ ነው። አላህ ባሪያው እርሱን እንደሚያስበው ሆኖ እንደሚያገኘው በሐዲስ ተነግሮን የለም ወይ? ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ ብንይዝ ምን አለበት?» ይላል። «ተው!» ብሎ በአንድ ቃል ከመዝጋት ይልቅ ጥያቄውን ከሥሩ መመርመር ይሻላል።

ነገሩ ከየት መጣ?

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የተስፋፋው «አዲስ አስተሳሰብ» የተሰኘው እንቅስቃሴ ነው። ከጀማሪዎቹ የሚቆጠረው ፊንያስ ኩዊምቢ (እ.ኤ.አ. 1802-1866) በሙያው ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በኋላ ግን የበሽታ ምንጩ የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው እያለ ሰዎችን በንግግር ማከም ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች ሐሳቡን ከጤና ወደ ሀብት አሻገሩት። ዋላስ ዋትልስ እ.ኤ.አ. በ1910፣ ናፖሊዮን ሂል ደግሞ በ1937 በሐሳብ ኃይል ስለመክበር የሚያስተምሩ መጻሕፍት አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያዊቷ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ሮንዳ ባይርን «ዘ ሲክሬት» የተሰኘውን ፊልምና መጽሐፍ አቀረበች፤ መጽሐፉም በሚሊዮኖች ተሸጠ። ትምህርቱ «ጠይቅ፣ እመን፣ ተቀበል» በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ይጠቃለላል፤ ሥራውን የሚያከናውነውም «የመሳብ ሕግ» ነው ይባላል። ተመሳሳይ ሐሳብ ተመሳሳይ ነገርን ይስባል ማለት ነው።

መልካም ተስፋ የእኛም ነው

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚህ ትምህርት ውስጥ ወጣቶችን የሚማርክ መልካም ነገር መኖሩን መካድ አይገባም። የሚፈልጉትን ለይቶ ማወቅ፣ ተስፋ አለመቁረጥ፣ ክፉ ከማውራት መልካም መናገር ሁሉም በዲናችን የታወቁ ናቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓ የሚያደርግ ሰው «ከፈለግህ ስጠኝ» እያለ እንዳያመነታ፣ ይልቁንም ቁርጥ አድርጎ እንዲለምን አስተምረዋል። ገድን ማየት ሲከለክሉ መልካም ቃልን ግን ይወዱ ነበር። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሑደይቢያ፣ ሱሀይል ኢብን ዐምር ከቁረይሾች ተልኮ ሲመጣ ስሙ ገርነትን የሚያመለክት በመሆኑ ነገሩ እንደሚገራ ለባልደረቦቻቸው ተስፋ ሰጡ። አላህን በመልካም ስለመጠርጠር የሚናገረው ሐዲሰል ቁድሲይም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

እንግዲህ ተስፋ ለማግኘት ሙስሊም ወጣት ወደ ሌላ ደጃፍ መሄድ አያስፈልገውም። የቤቱን በር በወጉ አላየውም እንጂ ክፍት ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

አንደኛው ልዩነት የሚጠየቀው ማን ነው የሚለው ነው። «ዩኒቨርስ» የሚባለው ሰማይ፣ ምድር፣ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ነው። እነዚህ ሁሉ ለአላህ የሚሰግዱ ፍጡራን መሆናቸው በሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 18 ተነግሮናል። አይሰሙም፣ አያዝኑም፣ አይሰጡም። ባሪያ ሳለን ሌላ ባሪያን መለመን ምን ይጠቅመናል? «እኔ ዩኒቨርስ ስል አላህን ማለቴ ነው» የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ወዳጅ በስሙ ይጠራል፤ አላህም ያማሩ ስሞች አሉት፤ በእነርሱም እንድንለምነው አዞናል። ልመናን ከአላህ ውጭ ላለ አካል ማዞር የተውሒድ ጉዳይ ነውና እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

«ተስቢሕም እኮ ይቆጠራል፤ 369 ቢቆጠር ምን አለበት?» የሚሉም አሉ። ከሶላት በኋላ የምንለው 33 ጊዜ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርነው ነው፤ የምንቆጥረውም የጌታችንን ምስጋና ነው። በ369 የሚቆጠረው ግን የራስ ምኞት ነው፤ ቁጥሩም ሰዎች ያወጡት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት በልመናና በትእዛዝ መካከል ያለው ነው። ማኒፌስቴሽን የሚመኘው ሰው የሚበጀውን አሟልቶ ያውቃል ከሚል ግምት ይነሳል። ቁርኣን ግን ሰው የተመኘው ሁሉ የእርሱ ይሆናል ወይ ብሎ ይጠይቃል (አን-ነጅም፣ 24)፤ የምንጠላው ነገር መልካም፣ የምንወደው ነገር ክፉ ሊሆን እንደሚችልም ያስጠነቅቃል (አል-በቀራህ፣ 216)። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኢስቲኻራን ዱዓ ልክ የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው ለባልደረቦቻቸው ያስተምሩ ነበር። በዚህ ዱዓ ጉዳዩ ለዲናችንና ለኑሯችን የሚበጅ ከሆነ እንዲሰጠን፣ የሚጎዳን ከሆነ ደግሞ እርሱን ከእኛ፣ እኛንም ከእርሱ እንዲያርቅ እንለምናለን፤ ከዚያም መልካሙን ባለበት እንዲወስንልንና ልባችን እንዲወድለት እንጠይቃለን። «የሚጎዳኝ ከሆነ አርቅልኝ» የሚለው ልመና በ369 ደብተር ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ወጣት የአንድን ሰው ስም እየጻፈ ለትዳር ሲመኝ፣ ያ ሰው ነገ የሚያስለቅሰው መሆን አለመሆኑን በምን ያውቃል?

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ልዩነት፣ የተመኙት ሳይመጣ ሲቀር የሚታየው ነው። የመሳብ ሕግ መልካሙን የሚያመጣው ሐሳብ ከሆነ፣ ክፉውንም የሚያመጣው ሐሳብ ነው ማለት ነው። ያጣ ሰው በሐሳቡ ድክመት አጣ፤ የታመመም ሕመሙን ራሱ ሳበ። እናቷ በጽኑ የታመመችባትን አንዲት ልጅ እናስብ። «እናቴ ድናለች» እያለች በየማታው 9 ጊዜ ትጽፋለች። እናቷ በአላህ ውሳኔ ወደ አኺራ ብትሄድ ለዚያች ልጅ ምን ይቀርላታል? «ያን ዕለት ስለተጠራጠርኩ ነው፤ አንድ ማታ ስላልጻፍኩ ነው» የሚል ጸጸት ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ሐዘን ላይ ወንጀል መጨመር ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንይ። ከእርሳቸው የበለጠ የጠራ ልብ ያለው ማን ነው? ሆኖም ከሰባት ልጆቻቸው ስድስቱ በሕይወት እያሉ ሞተውባቸዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ የቆዩት ፋጢማ (ረ.ዐ.) ብቻ ናቸው። ሕፃኑ ኢብራሂም ሲሞት አለቀሱ፤ ልባቸውም ማዘኑን ተናገሩ፤ ጌታቸው የማይወደው ቃል ግን ከአንደበታቸው አልወጣም። ኸዲጃና (ረ.ዐ.) አጎታቸው አቡ ጧሊብ በአንድ ዓመት ውስጥ ተለይተዋቸዋል። የነቢዩ አዩብ ሕመም፣ የነቢዩ ያዕቁብ የዓመታት ናፍቆት የሐሳብ ድክመት ውጤት ነበርን? በፍጹም! መከራ በሙእሚን ላይ የሚወርድ ፈተና ነው እንጂ አሳሳቡን የሚያጋልጥ የውጤት ወረቀት አይደለም።

ዱዓ በዚህ ረገድ ምን ያህል እዝነት እንዳለው አስተውሉ። በኢማም አሕመድ በተዘገበው ሐዲስ፣ ኃጢአት ወይም ዝምድና መቁረጥ የሌለበትን ዱዓ ያደረገ ሙስሊም ከሦስት አንዱን ያገኛል። ወይ የጠየቀውን ፈጥኖ ይሰጠዋል፤ ወይ ለአኺራው ይቀመጥለታል፤ ወይም በልኩ ክፉ ነገር ይመለስለታል። ስለዚህ ያቺ ልጅ በደብተሯ ፋንታ እጇን ዘርግታ ቢሆን ኖሮ፣ እናቷ ብትሞትም እንኳ አንዲት ሌሊቷ አልባከነችም።

ተስፋና ባዶ ምኞት

ኢማም አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉ) በእውነተኛ ተስፋና በባዶ ምኞት መካከል ያለውን ልዩነት በገበሬ ምሳሌ አስረድተዋል። ለም መሬት መርጦ፣ አርሶ፣ ጥሩ ዘር ዘርቶ፣ አርሞ፣ ከዚያ በኋላ አዝመራውን ከአላህ የሚጠባበቅ ገበሬ ተስፈኛ ነው። በደረቅ ጭንጫ ላይ ዘርቶ፣ ወይም ጭራሽ ሳይዘራ ነዶ የሚጠብቅ ግን የተታለለ ነው። ይህን ለመረዳት የአገራችን ሰው ማስተማሪያ አያስፈልገውም።

የዘመኑ ጥናትም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጋብሪየለ ኦቲንገን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ በሚደረግ ፕሮግራም ውስጥ የነበሩ 25 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት የተሻለ ክብደት ቀነሱ። በአንጻሩ እንደተሳካላቸው አድርገው ያማረ ሕልም ሲያልሙ የነበሩት ያነሰ ቀነሱ። አእምሮ የተመኘውን እንዳገኘ ሲቆጥረው ለሥራ የሚያስፈልገው ጉልበት ይላላል ማለት ነው። ተስፋ ሲያበረታ፣ ቅዠት ግን ያሰንፋል።

ቁርኣን መርየምን (ዐ.ሰ.) የሚያነሳበትን ቦታ እናስታውስ። በምጥ ተይዛ፣ ብቻዋን፣ አቅም ባነሳት ሰዓት የዘንባባውን ግንድ ወደ ራሷ እንድትወዘውዝ ታዘዘች። አላህ ተምሩን ያለ መወዝወዝ ማውረድ ይሳነው ነበርን? ሆኖም ከምጥ ባለች ሴት እጅ እንኳ ሰበብ ተፈለገ። ወፎችም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንደነገሩን ጠዋት ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው ይመለሳሉ፤ ከጎጇቸው ሳይወጡ የሚጠግቡ አልተባሉም።

ምን እናድርግ?

ወጣቶች ሆይ! ደብተሩን መጣል ግድ አይደለም፤ አጻጻፉን ግን ለውጡ። በአንድ በኩል ሐጃችሁን ጻፉ፤ በሌላ በኩል ለዚያ ሐጃ ዛሬ የምታደርጉትን ሰበብ ጻፉ። ለፈተና ከሆነ ዛሬ የምታጠኑትን ምዕራፍ፣ ለሥራ ከሆነ ዛሬ የምታስገቡትን ማመልከቻ። «ተሳክቶልኛል» በማለት ፋንታ «ኢንሻአላህ» በሉ። ከዚያ ደብተሩን ዝጉና ዱዓ ተቀባይነት ወዳለው ሰዓት ሂዱ። በሱጁድ፣ በአዛንና በኢቃም መካከል፣ በሌሊቱ የመጨረሻ ሢሶ ለምኑ። «ለመንኩ፣ አልተሰጠኝም» ብላችሁም አትቸኩሉ።

ወላጆች ሆይ! የልጃችሁን ደብተር ብታገኙ «ሺርክ ሠራህ!» ብላችሁ ከመቅደድ በፊት የተጻፈውን አንብቡ። እዚያ ላይ ያለው ልጃችሁ ለእናንተ ያልነገራችሁ ጭንቀት ነው። የፈተና ፍርሃት፣ የሥራ እጦት፣ የትዳር ምኞት፣ ምናልባትም በቤት ውስጥ ሰላም እንዲወርድ የሚፈልግ ልብ ነው። ልጅ ምኞቱን ለማያውቀው ሰማይ የሚነግረው ቤት ውስጥ የሚሰማው ሲያጣ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብላችሁ አድምጡት፤ ስለ ተውሒድ በለሰለሰ ቃል አስረዱት፤ ከዚያም ያን ምኞቱን ይዛችሁ እየሰማችሁት ዱዓ አድርጉለት። የወላጅ ዱዓ ከማይመለሱት ዱዓዎች አንዱ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናልና።

አላህ ሆይ! የሚበጀንን ስጠን፤ የማይበጀንን አርቅልን፤ በውሳኔህም የሚረኩ ልቦችን ለግሰን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።