ዕውቀት ከእጅ ሥራ ጋራ ሲተባበር

ዕቃ በገንዘብ ይገዛል፤ ዕድሜው የሚረዝመው ግን በአዋቂ እጅ ነው። ይህን ነገር የምሥራቅ ጎጃም፥ ይልቁንም የሞጣ ሕዝብ አብልጦ ያውቀዋል። በሞጣ አቅራቢያ በዓባይ ላይ ያለው፥ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገረው ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ ከተቈረጠ በኋላ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖሮ፥ በ1994 ዓ.ም. ጠጋኝ ከባሕር ማዶ መጣለት።

የድልድይ ስብራት ለኹሉ ይታያል። ስብራታቸው የማይታይ፥ ላላዋቂ ግን የሞቱ የሚመስሉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ለዚህ በቫልቭ የሚሠራው የድምፅ ማጉያ ምሳሌ ይሆናል፤ ምንም እንኳ በብዙ ቦታ ትራንዚስተር ቢተካው፥ የጊታር ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። ቫልቭ አየሩ የወጣለት የብርጭቆ ዕቃ ነው። በውስጡ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮን ይሰዳል፤ ፕሌት ይቀበላል፤ በመካከል ያለው ግሪድ እንደ በር ጠባቂ ኾኖ መጠኑን ይወስናል። ድምፅ ሳይገባ የሚያልፈውን መጠን ለመወሰን ለግሪዱ የሚሰጠው ቮልት ባያስ ይባላል። በሩ ከልክ በላይ ቢከፈት ፕሌቱ እስኪቀላ ይግላል፥ ቫልቩም ፈጥኖ ይሞታል፤ ከልክ በላይ ቢጠብ ድምፁ ይሻክራል።

ልኩን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ከካቶዱ ሥር የአንድ ኦም ሬዚስተር ቢገባ፥ በላዩ የሚነበበው እያንዳንዱ ሚሊ ቮልት አንድ ሚሊ አምፔር ማለት ነው። ኢኤል 34 የተባለው ቫልቭ ፕሌቱ የሚችለው 25 ዋት ነው። ቫልቮች ጥንድ ኾነው በሚፈራረቁበት ማጉያ ባለሙያዎች በልማድ 70 በመቶውን፥ ማለት 17.5 ዋትን ይይዛሉ፤ በ450 ቮልትም 39 ሚሊ አምፔር ገደማ ይኾናል። ኾኖም ሒሳቡን ብቻ የተማረ ሰው፥ ማጉያው ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ገዳይ ኀይል ይዞ እንደሚቆይ በሥራ ካልለመደ፥ ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የእጅ ሙያ ያለው ባለሙያ እንዲወጣ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ተወስኖ የመሐንዲሶች ቍጥር በዛ። ነገር ግን የቍጥር መብዛት ብቻውን ጥገና አይኾንም። በቢቸና አጠገብ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ አገባቡን ኹሉ በቃሉ ቢይዝ፥ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ነግሮ ካልታረመ ባለ ቅኔ አይባልም። የመሐንዲስም ሥርዓት ከዚህ ሊለይ አይገባም።

ስለዚህ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ፈተና የተበላሸ መሣሪያ በተማሪው ፊት ቀርቦ፥ ሕመሙን ለክቶ እንዲናገርና እንዲጠግን ማድረግ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም አንድ ዕቃ አገልግሎቱን ጨርሷል ብለው ከመፈረማቸው በፊት፥ ምን ተለክቶ ምን እንደ ተገኘ በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባቸዋል። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዲት ብሎን በልክ የሚያዞር ሰው በቅርብ ስለ ጠፋ ይህን መንገድ መሄድ፥ ወይም ደኅናውን ዕቃ መጣል፥ ድኽነትን በገዛ እጅ መጨመር ነው። ሰባራው ድልድይ ጠጋኝ ሲጠብቅ አንድ ትውልድ አልፏል፤ ሌላው ስብራት ኹሉ እንዲሁ እንዳይጠብቅ ጠጋኙን ካገር ውስጥ ማዘጋጀት የተገባ ነው።