ከሺያን መልስ፤ የጠንካራ እጅ አድናቂዎች ያላዩት

«አያችሁ? ያለ ጠንካራ እጅ ይህ ሁሉ አይሠራም።»

ይህን ያለን እንደ እኔው በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ የዶክትሬት ማዕርግ ያለው የጉዞ ባልደረባችን ነው። የተናገረውም ከቻይናዋ ጥንታዊት መናገሻ ከሺያን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ በረድፍ በቆሙት የሸክላ ወታደሮች ፊት ነበር። የቡድናችን አባላት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ስለ ጨዋነት ብዬ ዝም አልሁ። ጨዋነት ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየልኝም፤ ስለዚህ ያን ቀን ያልመለስሁትን መልስ እነሆ ዛሬ እጽፋለሁ።

አድናቆቱ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አስቀድሜ ላምን። ቺን ሺ ኋንግ ስድስት ባላንጣ መንግሥታትን ድል ነሥቶ በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ቻይናን በአንድ ዙፋን ሥር አጠቃለለ። መናገሻውም ከዛሬዋ ሺያን አጠገብ የነበረችው ሺያንያንግ ነበረች። ፊደሉን፣ ሚዛኑን፣ ገንዘቡን፣ የሠረገላውን ስፋት ሳይቀር አንድ አደረገ። በእ.ኤ.አ. 1974 የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች ያገኙት የሸክላ ሠራዊት ቁጥሩ ወደ 8000 እንደሚደርስ ይገመታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም እነዚያ ወታደሮች ሲገኙ እንዲህ በሰልፍ የቆሙ አልነበሩም። አብዛኞቹ ስብርባሪ ነበሩ፤ ጣሪያቸውም የእሳት ምልክት ነበረበት። ዛሬ ፎቶግራፍ የምንነሣባቸው ጠጋኞች ለዓመታት ተቀምጠው ቁራጭ በቁራጭ ስለገጠሟቸው ነው። ለዘለዓለም ይኖራል የተባለው ሥርወ መንግሥትም ከ221 እስከ 206 ቅ.ል.ክ. ቆይቶ ጠፋ። ዐሥራ አምስት ዓመት! እኔና ባልደረባዬ በማስተማር ሥራ የቆየነው ከዚያ ይበልጣል።

ነገር ግን ክርክሬ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አይደለም። ክርክሬ ከሊ ሲ ጋር ነው።

ሊ ሲ ማን ነበር? በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ፈላስፋ ከሹንዚ እግር ሥር የተማረ ሊቅ ነው። የተወለደው በቹ መንግሥት ስለሆነ በቺን ምድር መጻተኛ ነበር። በ237 ቅ.ል.ክ. ንጉሡ ከሌላ አገር የመጡ አማካሪዎች በሙሉ እንዲባረሩ አዘዘ። ሊ ሲ ያን ጊዜ አቤቱታ ጻፈ። ቺን ታላቅ የሆነችው ከውጭ የመጡ ሰዎችን ምክር በመስማቷ እንደሆነ በማስረጃ አስረዳ። ንጉሡ አነበበ፤ ትእዛዙንም ሻረ። ልብ በሉ፦ ይህ ሰው እንጀራውንና ክብሩን ያተረፈው ከገዥው ሐሳብ የተለየ ሐሳብ ጽፎ ስለተሰማለት ነው።

ከ24 ዓመታት በኋላ፣ በ213 ቅ.ል.ክ.፣ ይኸው ሰው ዋና ሚኒስትር ሆኖ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ሐሳብ አቀረበ። የሕክምና፣ የጥንቆላና የእርሻ መጻሕፍት ሲቀሩ፣ በሕዝቡ እጅ ያሉ የጥንት ቅኔዎችና ታሪኮች ወደ እሳት እንዲገቡ፣ ያለፈውን እያወሳ የዛሬውን የሚነቅፍም በሞት እንዲቀጣ። እንግዲህ መጽሐፍ ያስቃጠለው መሃይም ወታደር አይደለም። የተማረ ሰው ነው፤ እሱን ያዳነውን በር ሌላው እንዳይገባበት የዘጋ የተማረ ሰው።

በማግሥቱ ዓመት 460 ሊቃውንት ከነሕይወታቸው ተቀበሩ ይባላል። ቁጥሩንም ድርጊቱንም የሚጠራጠሩ የታሪክ ምሁራን አሉና በዚህ ላይ ብዙ አልገፋም። የንጉሠ ነገሥቱ የበኵር ልጅ ፉሱ ግን ቅጣቱን በመቃወሙ ወደ ሰሜን ጠረፍ ተላከ። በ210 ቅ.ል.ክ. ንጉሠ ነገሥቱ በጉዞ ላይ ሳለ ሲሞት ሊ ሲና ጃንደረባው ዣው ጋው ሞቱን ደበቁ፤ የሬሳው ሽታ እንዳይታወቅም ዓሣ የተጫነ ሠረገላ አስከተሉ። በሐሰተኛ ደብዳቤ ፉሱ ራሱን እንዲገድል አደረጉ፤ ደካማውን ታናሽ ወንድሙንም አነገሡ። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ ሕግ የት ነበር? እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ስላልነበረ ግዛቱ በሙሉ በበሰበሰ ዓሣ ተታለለ።

ጥቂት ቆይቶ ዣው ጋው ሊ ሲን በክሕደት ከሰሰው። ሊቁ እስር ቤት ሆኖ እንደ ወጣትነቱ ዘመን አቤቱታ ጻፈ። ዣው ጋው ግን እስረኛ ምን አቤቱታ አለው ብሎ ሳያስነብብ አስጣለው። በ208 ቅ.ል.ክ. ሊ ሲ በሺያንያንግ ገበያ ወገቡ ላይ ለሁለት ተቈርጦ ተገደለ። ቀጥሎ ዣው ጋው አንድ አጋዘን ወደ ችሎት አስገብቶ «ይህ ፈረስ ነው» አለ። ፈረስ ነው ያሉት ተረፉ፤ አጋዘን ነው ያሉት ተቀጡ። ቻይናውያን ዛሬም እውነትን ገልብጦ ለሚያቀርብ ሰው በዚህ ታሪክ ይተርታሉ።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ ባልደረባዬም በኋላ ባቡር ላይ ሰጥቶኛል። «ይህን የጻፈው ሲማ ቺየን የተከታዩ የሃን መንግሥት ሰው ነው፤ ቺንን ማጠልሸት ጥቅሙ ነበር» አለኝ። ጥሩ ክርክር ነው። እንዲያውም ላግዘው፦ በእ.ኤ.አ. 1975 በሁቤይ ክፍለ ሀገር ከአንድ መቃብር የተገኙት የቀርከሃ ጽሑፎች የቺን ሕግ እንደሚወራው በሁሉ ነገር ሞት የሚፈርድ እንዳልነበር ያሳያሉ፤ ለግዳጅ ሥራ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቅጣቱ ተግሣጽ፣ ቢበዛ የጋሻ ወይም የጥሩር ዋጋ ነበር። የሃን ነገሥታትም አብዛኛውን የቺን አስተዳደር ወርሰው ገዝተዋል። ግን ሲማ ቺየን ለሃን ቤተ መንግሥት አጨብጫቢ ነበርን? ለተማረከ የጦር አለቃ ስለተከራከረ በሃኑ ንጉሠ ነገሥት በዉ ትእዛዝ የተሰለበ፣ መጽሐፉን ለመፈጸም ሲል ከሞት ይልቅ ውርደትን የመረጠ ሰው ነው። የሃን መንግሥትስ ከቺን ከወረሰው ውስጥ ቆርጦ የጣለው ምን ነበር? በ191 ቅ.ል.ክ. መጻሕፍትን የሚከለክለውን ሕግ ሻረ።

የጉዞ መርሐ ግብራችን ለሸክላ ወታደሮች ግማሽ ቀን ሲሰጥ በከተማው ቅጥር ውስጥ ላለው የድንጋይ ጽሑፎች ሙዚየም አንድ ሰዓት እንኳ አልመደበም። ሌሎቹ ገበያ ሲወጡ ብቻዬን ሄድሁ። ሺያን ቻንጋን ትባል በነበረችበት በታንግ ዘመን፣ በእ.ኤ.አ. 837 የተፈጸሙ 114 ታላላቅ ድንጋዮች በዚያ ቆመዋል። በሁለቱም ገጻቸው ዐሥራ ሁለት ጥንታውያን መጻሕፍት፣ ከ650,000 በላይ ፊደላት ተቀርጸውባቸዋል። ሊ ሲ ያስቃጠላቸው ቅኔዎችና ታሪኮች ከነዚሁ ውስጥ ናቸው፤ ያውም ቺን አንድ ባደረገው ጽሕፈት ላይ ተመሥርተው። ጥቂት ራቅ ብሎ በእ.ኤ.አ. 781 የቆመ፣ በአናቱ መስቀል ያለበት፣ በቻይንኛና በሱርስት የተጻፈ ሐውልት አለ። በእ.ኤ.አ. 635 ቻንጋን የደረሱ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳትን ታሪክ ይናገራል። (የእኛ አባቶች ንስጥሮሳውያን ብለው ያወግዟቸው ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ፊት ቆሜ ለማውገዝ ድፍረት አላገኘሁም።) ታንግም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ በእ.ኤ.አ. 845 የቡድሃ ገዳማትን ሲያፈርስ እነዚህንም አሳድዷል። ከተማይቱ ራሷ በእ.ኤ.አ. 904 በአንድ የጦር አለቃ ትእዛዝ ፈርሳ እንጨቷ በወንዝ ተጭኖ ሄዷል።

ከተመለስን በኋላ የጉዞው ሪፖርት ረቂቅ ደረሰኝ። «የተገኘ ትምህርት» በሚለው ርእስ ሥር የጠንካራ አመራር አስፈላጊነት በአንድ አንቀጽ ተብራርቷል። ስለ ሊ ሲ ሁለት አቤቱታዎች አራት መስመር ጨምሬ መለስሁት። «ለሪፖርት የሚሆን አይደለም» የሚል መልስ መጣ፤ ባልደረባዬም በስልክ «ምን አከራከረህ፣ ፈርምና እንገላገል» አለኝ። አልፈረምሁም። ሪፖርቱ ያለ እኔ ፊርማ ገብቷል።