ባቲ የማነው?

የደሴ ልጅ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንቺም ስሚኝ እህቴ። ባቲ የማነው? ገበያውን አይደለም፣ ቅኝቱን ማለቴ ነው።

በየዘፈኑ ቪዲዮ ስር ያለውን ጭቅጭቅ ሁላችንም እናየዋለን። አንዱ «የኛ ብቻ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከኛ የተወሰደ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ የወሎን ዜማ ትልቅ ያደረገው መቀላቀሉ ነው። በወገን መኩራት ያለ ነገር ነው፤ ለመኩራት ግን የሌላውን ድርሻ መፋቅ አያስፈልግም።

ቅኝቶቹን ቁጠራቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ በደጃችን ባሉ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ስትወርድ የምታገኛት ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እዚያ ገበያ ላይ ይገናኛል። እህልና ከብት ሲለዋወጥ የኖረ ሕዝብ ዜማ ሳይለዋወጥ ይቀራል?

መንዙማውንም አድምጥ። አረብኛው ከአማርኛው ጋር ተሰናስሎ በድቤና በጭብጨባ ይወርዳል። ሼሆቹ የአማርኛውን ግጥም በአረብ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ዐጀሚ ይባላል። ጆሮህን ጣል ካደረግህ ዜማው ከማሲንቆው ጋር ዘመድ መሆኑን ራስህ ትሰማዋለህ።

ግን ነገሩን ጣፋጭ ተረት አናድርገው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ አፍንጫ ስር ናት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ታዘዘ። ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር አሻፈረኝ አሉ። እኚሁ ሰው በአማርኛ ዐጀሚ መንዙማ ጽፈው አልፈዋል። «ወሎ የፍቅር አገር» ስንል ይሄንንም አብረን እናስታውስ። አብሮ መኖሩ በነጻ አልተገኘም፤ ተከፍሎበታል።

የካሪቢያን ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል። አፍሪካዊው በባርነት መርከብ ተጭኖ ኩባ ሲደርስ የከበሮውን ምት በልቡ ይዞ ነበር። እዚያ ከስፔን ጊታር ጋር ተገናኘና ዓለምን ያስጨፈረ ሙዚቃ ተወለደ። የኛው ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያንን የላቲን ምት ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አዋህዶ አልበም አሳተመ። ቅኝታችን በዚህ ምን ጎደለበት? እንዲያውም ሩቅ ተሰማ።

ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታንጎራጉር ስንቱ ኢትዮጵያዊ አንጀቱ ተላወሰ! ዘሯን ጠይቆ ያለቀሰ አለ?

እንግዲህ ወገኔ፣ ከክርክሩ በፊት ሥራ አለብን። በየሰፈሩ መንዙማ የሚያውቁ ሼህ፣ እንጉርጉሮ የሚያወርዱ እናት፣ ማሲንቆ የሚገዘግዙ አባት አሉ። ስልክህን አውጣና፣ አስፈቅደህ፣ ቅዳቸው። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ከማን እንደተማሩ ጻፍ። እነሱ ካለፉ በኋላ «የኛ ነው» ብንል ምን ይዘን ነው?

ባቲ የማነው ካልከኝ መልሴ ይሄው፦ ተምሮ ለልጁ ያስተላለፈ ሁሉ ባለቤቱ ነው።